ሃያ ሰባት እና ሃያ አንድ

ቃሊቲ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ላጢፋ፣ ኮምቦልቻ

አሰላሙ አለይኩም። እርስዎም፣ ቤቱም፣ ሱቁም እንዴት ሰነበታችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ አቧራው ብቻ ነው ያስቸገረን። መንገዱን እንደገና ቆፍረውታል። ከባቡሩ መጨረሻ ወርዶ ቤታችን የሚመጣ ሰው ወፍጮ ቤት የዋለ መስሎ ነው የሚገባው።

«አንቺ በይኝ፣ እርስዎ አትበይኝ» ብለው በወንድምዎ በሸኪብ የላኩብኝ ተግሳጽ ደርሶኛል። ይቅር ይበሉኝ፣ አፌ እምቢ ይላል። ሸኪብን እንደ እናት ያሳደጉትን ሴት አንቺ ብዬ ብጠራ እናቴ ከመቃብሯ ተነስታ የምትቆጣኝ ይመስለኛል። ካገባሁት አራት ዓመቴ ነው፤ አራት ዓመት ያልቻልኩትን ዛሬም አልቻልኩም።

የጻፍኩት ለአረፋ ሸሚዝ ልሰፋልዎ ስለፈለግሁ ነው። እንደሚያውቁት ቂሊንጦ ፋብሪካ ውስጥ በቀን ከአራት መቶ በላይ ኮሌታ እሰፋለሁ፤ ኮሌታ ብቻ። ስፌት የተማርኩት ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ እናቴን ሁለት ዓመት ሳስታምም፣ በእሷው የእጅ መኪና ነው። ያኔም አንሶላና ትራስ ነበር። ከአንገት እስከ ታች አንድ ሙሉ ሸሚዝ ሰፍቼ አላውቅም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ ስል አፍራለሁ። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ ፓተርን፣ ማለትም የልብስ መቁረጫ ወረቀት፣ ከሚሸጡ ሰዎች አንድ ገዛሁ። ሃያ ሁለት ገጽ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ፣ ወለሉ ላይ ዘርግቼ በፕላስተር አገጣጠምኩት። ሲያልቅ የፊቱም ግማሽ፣ የጀርባውም ግማሽ ብቻ ሆኖ ቁጭ አለ። አታላዮች፣ ግማሽ ሸሚዝ ሸጡልኝ ብዬ ስልኬን አንስቼ ልሰድባቸው ነበር። ቆራጮች ክፍል የምትሠራው ጓደኛዬ ሌንሳ ሆዷን ይዛ ሳቀችብኝ። «የሰው ቀኙና ግራው እኩል ነው፣ ግማሹ ይበቃል። ጨርቁን አጥፈሽ ወረቀቱን እጥፉ ላይ ታስጠጊዋለሽ፤ ሲዘረጋ ሙሉ ይሆናል» አለችኝ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ መጀመሪያ እጠረጥራለሁ፣ ከዚያ አፍራለሁ።

ፓተርኑ አንገቱ ክብ ነው፣ ከኋላ በዚፕ ይዘጋል። እኔ ኮሌታ አደርግበታለሁ፤ የማውቀው እሱን አይደል። የእርስዎን ልክ ብቻ ይላኩልኝ፤ ትከሻ፣ እጅጌ፣ ቁመት፣ ከሁሉም በላይ ሩብ ደረት። ሩብ ደረት ማለት ከብብት ስር ጀምሮ እስከ ደረት መሐል ያለው ነው። በአራት ሲባዛ ዙሪያውን ይሰጣል።

ፖስታውን ሸኪብ በጭነት መኪናው ያመጣልዎታል፤ በሰማያዊ ክር ሰፍቼዋለሁ። ሸኪብን አምነዋለሁ፤ የማላምነው መንገዱን ነው። አስራ አንድ ስፌት ነው፣ ቆጥረው ይጻፉልኝ።

ነጅላ


ኮምቦልቻ
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነጅላዬ፣

ወአለይኩም ሰላም የኔ ልጅ። መልሱ አንድ ወር መቆየቱን አውቃለሁ። ሱቁ ላይ ሥራ በዛብኝ፣ ከዚያም ጉንፋን ነገር ያዘኝና ተኛሁ። አሁን ደህና ነኝ፤ አትጨነቂ።

ባለፈው በስልክ ጀምረሽው መስመሩ የተቋረጠብሽን ጥያቄ ልመልስልሽ። ሸኪብ ያን ጊዜ አምስት ቀን እዚህ የቆየው ጎማ ፈንድቶበት ነው። ሌላ ጎማ እስኪመጣለት መኪናውን አቁሞ ተቀመጠ። ሌላ ነገር የለም።

ልኩን ጎረቤቴ ፈርዶሳ ለካችኝ። ልብስ ሰፊ ናት፣ እጇም ትክክል ነው። ወረቀቱን አብሬ ልኬልሻለሁ፤ እሷ እንደጻፈችው ቁረጪ፣ ምንም አትቀይሪ። አንድ ሁለት ነገር ግን ልለምንሽ። ዚፑ ይቅርብኝ፣ ከፊት እስከ ታች በቁልፍ ይከፈት። ቁልፉ ትልልቅ ይሁን። ብብቱ ሰፋ ይበል። ጨርቁ ለስላሳ፣ ገላ የማይፍቅ ይሁን። ለምን ብለሽ አታድርቂኝ፤ እርጅና ነው።

ኮሌታውን ወድጄዋለሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ የቃሊቲ ኮሌታ ያላት ሴት እኔ ብቻ እሆናለሁ።

ስፌቱን ቆጥሬዋለሁ፤ ዘጠኝ ነው።

ላጢፋ

አንቺ በይኝ ያልኩሽን አሁንም አልተውኩም።


ቃሊቲ
የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ላጢፋ

እንኳን ለረመዷን አደረሰዎ። ጾሙን አላህ ይቀበልዎ።

ጨርቁን ገና አልቆረጥኩትም። አረንጓዴ ክሬፕ ነው፤ መርካቶ ሁለት እሁድ ተመላልሼ የመረጥኩት። እንዲህ ያለ ጨርቅ ላይ መቀስ ከማሳረፌ በፊት ያልገባኝ ነገር እንዲኖር አልፈልግም።

ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሸኪብ ለእኔ የነገረኝ የጉምሩክ ወረቀት ዘግይቶበት እንደቆየ ነው። እርስዎ የጻፉልኝ ጎማ ነው። ሁለቱም ሊሆን ይችላል ብዬ ራሴን አባበልኩ። ስፌቱም አስራ አንድ ነበር እንጂ ዘጠኝ አልነበረም። ኮሌታ ስሰፋ የምውል ሴት ስፌት አልሳሳትም። አንድ ሰው ፈቶ መልሶ ሰፍቶታል ማለት ነው።

ይሄንንም ትቼው ነበር። ከዚያ የፈርዶሳን ወረቀት ዘረጋሁ። ትከሻ አንድ ቁጥር፣ እጅጌ አንድ ቁጥር፣ ቁመት አንድ ቁጥር። ሩብ ደረት የሚለው ጋ ስደርስ ሁለት ቁጥር ተጽፏል፤ 27፣ ጎኑ 21። ስርዝ የለበትም፤ ሁለቱም ደምቀው ነው የተጻፉት። አራት ጊዜ ሃያ ሰባት አንድ መቶ ስምንት ነው። እሱ እርስዎ ነዎት፣ በሠርጌ ቀን አቅፈውኝ አውቀዋለሁ። አራት ጊዜ ሃያ አንድ ሰማንያ አራት ነው። ሰማንያ አራት ቀጠን ያለች ልጅ ናት። ፈርዶሳ በአንድ ወረቀት የሁለት ሴት ልክ ጽፋለች?

ለሌንሳ አሳየኋት። ከፊት እስከ ታች የሚከፈት፣ ሰፊ ብብት፣ ለስላሳ ጨርቅ መባሉን ስነግራት «ይሄማ የምታጠባ ሴት ልብስ ነው» አለችኝ። የእርስዎ የመጨረሻ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ሳቅን። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አልተከተለኝም።

ለእኔና ለሸኪብ አላህ ልጅ እንዳልሰጠን ያውቃሉ። ስለዚህ ነገር እርስዎም አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም፤ ለዚህ አመሰግንዎታለሁ። ግን ዝም ያለ ሰው ሁሉ አላሰበበትም ማለት አይደለም። እኔ ነገር በሆዴ አጠራቅሜ አንድ ቀን የምፈነዳ ሴት ነኝና፣ ሳልፈነዳ ግልጹን ይጻፉልኝ። ሃያ አንድ የማን ነው?

ነጅላ


ኮምቦልቻ
መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነጅላዬ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ሳቅኩ፤ በሁለተኛው ብዕር አነሳሁ።

ሃያ አንድን ተዪው። ፈርዶሳ ተሳስታ ነው፤ በሃያ ሰባት ቁረጪ።

ከላይ ያለውን ጽፌ አደርኩበት። አይሆንም። ሁለቱንም ያዢ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። እንዴት እንደሆነ ለአረፋ ስትመጪ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። በወረቀት የሚጻፍ ነገር አይደለም፤ ጀምሬ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ማክሰኞ መስመሩ ሳይቆረጥ ስለ ሾርባው የጠየቅሽኝን ሰምቼዋለሁ፤ ያልሰማሁ መስዬ ነው። ሸኪብ አምልጦት እንደነገረሽ፣ አዎ፣ በጾም ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቤቴ የዶሮ ሾርባ ተሠርቷል። እንግዳ ነበረብኝ።

ሸኪብን አትጠይቂው። ምንም አይነግርሽም፣ ቃል አስገብቼዋለሁ። በቁርኣን ነው ያስማልኩት። ጥፋት ካለ የእኔ ነው፤ እሱን በክፉ ዓይን አትዪው።

አብሽሪ። ክፉ ነገር አታስቢ።

ላጢፋ


ቃሊቲ
ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለላጢፋ

ሰላምታ ልጽፍ ብዬ ሁለት ጊዜ ጀመርኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

አንቺ በይኝ ስትዪኝ አራት ዓመትሽ ነው። ይኸው፤ አንቺ።

ቃል አስገብቼዋለሁ አልሽኝ። በቁርኣን አስማልኩት አልሽኝ። እኔን ሚስቱን ደብቆ የሚማልበት ነገር ምንድን ነው? ያን ደብዳቤ ካነበብኩ ወዲህ ፋብሪካ ውስጥ ሁለት ጊዜ ኮሌታ ገልብጬ ሰፍቻለሁ። ስድስት ዓመት ስሠራ ተሳስቼ አላውቅም ነበር።

ለኢድ የመኪናውን ጋቢና መጋረጃ ላጥብ ስወጣ፣ ከወንበሩ ጀርባ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ሁለት አዲስ የጡት ማስያዣ ነው። ሽቦ የላቸውም፣ ከፊት ይከፈታሉ፣ ከውስጥ ኪስ አላቸው። ሌንሳ ኪሱ ወተት የሚመጥ ጨርቅ የሚገባበት ነው አለችኝ። መልሼ አስቀመጥኩት። በማግስቱ ወደ እናንተ ወጣ፤ ሲመለስ ፌስታሉ የለም። ምንም አልጠየቅኩትም። ፊቱን ብቻ አየሁት፤ እሱም የእኔን ማየት አልቻለም።

ደግሞ ሾርባው። አስቤበታለሁ፤ ሥራ ላይ ከዚህ ሌላ የማስበው የለኝም። በረመዷን ቀን ላይ የሚበላ ማን ነው? ሕፃን ነው፣ መንገደኛ ነው፣ የምታጠባ ሴት ናት። ሕፃን ሾርባ አይሠራለትም። መንገደኛ አስር ቀን አይቀመጥም። ማን ቀረ?

የተናደድኩት ሌላ ስላገባ ብቻ አይደለም። ሲሆን ያየሁት ነገር ነው፤ ቀድሞ ቢነግረኝ አልቅሼ እወጣለት ነበር። ያቃጠለኝ አንቺ ነሽ። እናቴ ከሞተች በኋላ እናት የሆነችኝ ሴት፣ የባሌን ሙሽራ በቤቷ አስቀምጣ፣ በእኔው እጅ ልብስ ልታሰፋላት ልኳን ላከችልኝ። እንዴት አስቻለሽ?

ስለዚህ ሰፋሁላት። በሃያ አንድ ቆረጥኩት፣ በአረንጓዴው ክሬፕ። ከፊት ይከፈታል፣ ቁልፉ ትልልቅ ነው፣ ብብቱ ሰፊ ነው። ኮሌታውን ከፋብሪካው አሳምሬ ሠርቼዋለሁ፤ ነውር እንዳታወጣልኝ። በሕይወቴ የሰፋሁት የመጀመሪያው ሙሉ ሸሚዝ ይሄ ነው። በሸኪብ እጅ አልሰጠሁትም፣ በአውቶቡስ ልኬዋለሁ። ለሙሽራዋ ስጪልኝ። ለአንቺ በሃያ ሰባት የምቆርጠው ጨርቅ የለኝም።

ለአረፋ አልመጣም። ሌንሳ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ክፍል ልታካፍለኝ ተስማምታለች። የስፌት መኪናዬን ጭንቅላት ፈትቼ ካርቶን ውስጥ አድርጌዋለሁ። ሸኪብ ካርቶኑን አይቶ ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስሽን እጠብቃለሁ፤ ከዚያ እወጣለሁ።

ነጅላ


ኮምቦልቻ
ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ነጅላዬ፣ የኔ ልጅ፣

ሸሚዙ ደርሶኛል። ደብዳቤሽን ከማንበቤ በፊት ልብሱን ነው ያወጣሁት፤ ለእኔ የተላከ መስሎኝ። ግራ እጄን ቀስ አድርጌ አስገባሁት። ብብቱ ሰፊ ስለሆነ አላመመኝም። ግራውን ፊት ደረቴ ላይ አስተኛሁት፤ ልክክ አለ። አንድ ጣት የሚተርፍ የለውም። ጀርባውና ቀኙ ግን አልደረሰም። መስታወት ፊት ቆሜ ይሄ ልጅ ምን ነካት አልኩ። ከዚያ ተቀምጬ አነበብኩ።

ሃያ አንዷ እኔ ነኝ። ሃያ ሰባቷም እኔ ነኝ። ፈርዶሳ አልተሳሳተችም። ቀኙን ለካች፣ ሃያ ሰባት አለች። ግራውን ለካች፣ ሃያ አንድ አለች፤ ሜትሩን ይዛ ፊቷን አዞረች። ጥር ሃያ ሁለት ቀን ደሴ ሐኪም ቤት ግራ ጡቴን አውጥተውልኛል። ካንሰር ነው።

ሸኪብ አምስት ቀን የቆየው አልጋዬ አጠገብ ነው። ጉምሩኩን እሱ ፈጠረ፣ ጎማውን እኔ ፈጠርኩ፤ ውሸት ስላልለመድን ቃላችንን እንኳ አላስማማንም። ደብዳቤሽን ፈቶ ያነበበልኝ እሱ ነው፤ ያኔ እጄ አይነሳም ነበር፣ የተሰፋ ፖስታ ደግሞ በአንድ እጅ አይፈታም። መልሶ የሰፋው ሰው የለም። ስፌቱን ማንም አልቆጠረውም፣ ዘጠኝ ያልኩሽ በግምት ነው። ጋቢናው ውስጥ ያገኘሽውን እኔ ነኝ ከአዲስ አበባ ግዛልኝ ያልኩት። ኪሱ ወተት የሚመጥ ጨርቅ አይደለም የሚገባበት፤ በጠፋው ቦታ ጥጥ ይሞላበታል። ወንድሜ ሱቅ ገብቶ ያን ሲጠይቅ እንዴት እንዳላበው ነግሮኛል።

በጾም ቀን የሚበሉትን ስትቆጥሪ አንዱን ዘለልሽ። የታመመ ሰው። ከአስራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ረመዷንን ሳልጾም የቀረሁት ዘንድሮ ነው። መድኃኒቱ ሆዴን ሲገለብጠው ፈርዶሳ በሯን ዘግታ ሾርባ ታጠጣኛለች። እንግዳ ነበረብኝ ያልኩሽ እንግዳዋ እኔው ነኝ፤ በገዛ ቤቴ።

ለምን ደበቅሽኝ ትያለሽ። በመጀመሪያው ደብዳቤሽ ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ ሠርግሽ ሰሞን፣ እናትሽን እንዴት እንዳስታመምሽ ነግረሽኛል። ትምህርትሽን ጥለሽ፣ ሁለት ዓመት፣ በዚሁ በሽታ። ይሄን ከሰማሽ ፋብሪካውን ጥለሽ እንደምትመጪ አውቃለሁ። አንድ ሰው በዕድሜው ሁለት ጊዜ እንዲህ አይገረፍም ብዬ ሸኪብን አስማልኩት። ደግ ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። ወላሂ ቤትሽን እያፈረስኩ መሆኑን አላወቅሁም። ይቅር በዪኝ።

እኔም ልንገርሽ፣ አፍሬያለሁ። ጎደሎ መሆኔን በወረቀት ጽፌ ለማንም መላክ አልቻልኩም። ቁጥሩ ይናገርልኛል ብዬ ነበር። ቁጥር እንዲህ እንደሚዋሽ አላውቅም ነበር።

ሸኪብን ከመሐላው ፈትቼዋለሁ። ይሄን ደብዳቤ ይዞልሽ የሚመጣው እሱ ነው። ካርቶኑን ፍቺ።

በመጨረሻ አንቺ አልሽኝ። በንዴት ቢሆንም ተቀብያለሁ፤ መመለስ አይቻልም።

ላጢፋ


ቃሊቲ
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ላጢፋዬ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ነሽ? እንዴት አደርሽ፣ ምን በላሽ፣ መድኃኒቱ ዛሬ እንዴት አደረገሽ? ሁሉንም ጻፊልኝ፣ የሚያስጠላውንም። ጉንፋን ነው የሚል ደብዳቤ ከዚህ በኋላ አልቀበልም።

ደብዳቤሽን ሸኪብ ሰጥቶኝ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። አንብቤ ሳበቃ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። «ምን መስሎሽ ነበር?» አለኝ። ነገርኩት። ወጥቶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። ሦስት ቀን አላናገረኝም፤ ልክ ነው፣ አልፈርድበትም። በአራተኛው ቀን የስፌት መኪናውን ጭንቅላት ራሱ ከካርቶኑ አውጥቶ ገጠመልኝ። አንዱን ብሎን አጥብቆት መርፌው ሲሰበር ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ አለቀስኩ፤ እሱም አለቀሰ። እህቱን ለሰው ሳይናገር ከሦስት ወር በላይ ብቻውን ተሸክሟት ነበር፤ እኔ ደግሞ ሙሽራ እቆጥርለት ነበር። ይሄን ለረጅም ጊዜ አልረሳውም።

ስለ እናቴ ያልሽውን አስቤበታለሁ። መፍራትሽ ልክ ነው፤ ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ እኔም እፈራለሁ። ግን እናቴን ሳስታምም ብቻዬን ነበርኩ፣ ልጅም ነበርኩ። አሁን ሸኪብ አለ፣ ፈርዶሳ አለች። ፋብሪካውን አልጥልም። የዓመት ፈቃዴን ጠይቄያለሁ፣ አስራ ስድስት ቀን ሰጥተውኛል። ከአረፋ በፊት ደርሼ ሾርባውን ከፈርዶሳ እረከባለሁ።

ያንን የተረገመ ሸሚዝ ስመጣ መልሺልኝ። ግራ ፊቱን ፈትቼ አውጥቼ አስቀምጠዋለሁ፤ የቀረውን አላውቅም። አሁን የአንቺን ጨርሻለሁ። አረንጓዴው አለቀ፣ ውኃ ሰማያዊ ነው፤ ከመጀመሪያውም ይለሰልሳል። ጀርባውን ፓተርኑ እንደሚለው አጥፌ ቆረጥኩ። ፊቱ ላይ ስደርስ ግን ጨርቁን አላጠፍኩትም። ዘርግቼ ቀኙን ለብቻው በሃያ ሰባት፣ ግራውን ለብቻው በሃያ አንድ ቆረጥኩ። ቀኙ ላይ ለጡት ቦታ የሚለቀቀውን ሾጣጣ ስፌት አድርጌያለሁ፤ ግራው ላይ ትቼዋለሁ። ከውስጥ በኩል ለስላሳ ኪስ አለው። ጥጥ መሙላት ከፈለግሽ ሙዪው፣ ካልፈለግሽ ልብሱ እንዲሁም ይተኛል። ሌንሳ ልታግዘኝ መጥታ ሁለቱን ፊት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ስታይ መቀሷን አስቀመጠች። ስለ ወተቱ ጨርቅ ይቅርታ ጠይቂልኝ ብላለች።

ኮሌታው ብቻ ሁለቱም ጎን እኩል ነው። አንገትሽን ቀና አድርገሽ ልበሺው።

ሸሚዙን ሸኪብ ያመጣልሻል። ፖስታውን አልሰፋሁትም፤ መንገድ ላይ ካሰኘው ያንብበው።

ያንቺው ነጅላ